የምንወዳት የፍቅር ደራሲ ወደ ታሪክ ስትሻገር፦ የትኛውን መጽሐፏን እናንሳ?

እህቴ መጽሐፉን የመለሰችልኝ ገጹን አጥፋ ነው። ከመካከሉ ትንሽ አለፍ ብሎ የአንዱ ገጽ ጥግ ታጥፏል፤ ከዚያ ወዲያ አላነበበችም። «ይሄ የእሷ መጽሐፍ አይደለም» አለችኝ። «ፍቅሩ የት ሄደ? አቧራ፣ ረሃብ፣ ጉዞ፣ እንደገና አቧራ!» እኔ ያንኑ መጽሐፍ በሁለት ሌሊት ጨርሼ፣ ሦስተኛውን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ያነጋሁት። መጽሐፉ ክሪስቲን ሀና በ2021 ያሳተመችው «ዘ ፎር ዊንድስ» ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሀና የመጀመሪያ መጽሐፏን ያወጣችው በ1991 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የምትጽፈው የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። እኔም እህቴም የወደድናት በእነዚያ ነው።

«ዘ ፎር ዊንድስ» በ1930ዎቹ የአሜሪካን ሜዳ ያለበሰውን የአቧራ ማዕበል ይዞ ይነሳል። በዚያ ዘመን እናቶች ገበታ ሲያሰናዱ ሳህኑን ገልብጠው ያስቀምጡ ነበር፤ ምግቡ እስኪወጣ ድረስ አቧራ እንዳይሞላው። በመስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ ይሰቅላሉ፤ አንሶላው በነጋታው በጭቃ ከብዶ ይገኛል። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሳው ማዕበል ቀኑን ጨለማ ስላደረገው «ጥቁሩ እሑድ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እኔን ከመጽሐፉ ጋር ያሰረኝ ይህ ነው። እህቴ የከፈተችው ግን የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የኤልሳን ልብ የሚያሳርፍ ሰው ፍለጋ ነበር፤ ያንን ስታጣ መጽሐፉ እጅ እጅ አላት።

እንደ እኛ የተለያዩ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። የፍቅር ደራሲ ወደ ታሪካዊ ልብ ወለድ በተሻገረች ቁጥር ግማሹ «አደገች» ይላል፣ ግማሹ «ጠፋችብን» ይላል። አዲስ ገቢ አንባቢ በመካከላቸው ቆሞ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል። እኔ የማምነው ሁለቱንም ነው። የሚለያዩት ከመጽሐፉ በጠበቁት ነገር ነውና፣ ለመምረጥ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የእናንተ የራሳችሁ ጥበቃ ነው።

ደራሲዋ ቃል የገባችው ምን ነበር?

የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር የፍቅር ልብ ወለድን የሚለይባቸው መስፈርቶች ሁለት ናቸው፤ የታሪኩ ማዕከል የፍቅር ታሪክ መሆን አለበት፣ መጨረሻውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ይህንን ያውቃል። ሁለቱ ይጣላሉ፣ ይራራቃሉ፣ ልብ ይሰቀላል፤ ግን መጨረሻው እንደማይከዳው ተማምኖ ነው የሚያነበው። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልስማማም። መድረሻውን እያወቁ አንባቢን በመንገዱ ላይ ማስጨነቅ ብርቱ ሙያ ይጠይቃል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። በስኮትላንዳዊው ደራሲ በዋልተር ስኮት ስም የሚሰጠው የታሪካዊ ልብ ወለድ ሽልማት ከሚወዳደር መጽሐፍ የሚጠይቀው፣ አብዛኛው ታሪክ ቢያንስ ከ60 ዓመት በፊት የሆነ እንዲሆን ነው። ቁጥሩ የተወሰደው ስኮት በ1814 ካሳተመው «ዌቨርሊ» ንዑስ ርዕስ ነው። መስፈርቱ ስለ ፍቅር አያነሳም፣ ስለ መጨረሻውም አያነሳም። እዚህ አንባቢው የሚጠብቀው ዘመኑ በእውነት እንዲታየው ነው፤ ዘመኑ ጨካኝ ከነበረ ደግሞ መጽሐፉም ጨክኖ ሊያልቅ ይችላል።

ቅሬታው የሚፈላው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ሳይቀየር ቃሉ ሲቀየር ነው። አንባቢው ስሙን አይቶ የድሮውን ቃል ይዞ ይገባል፤ ሦስት መቶ ገጽ ካለፈ በኋላ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ይሞትበታል። ይህ ሐዘን እውነተኛ ነው። «ካልወደድከው ተወው» ብሎ ማለፍ ለዚያ አንባቢ ፍትሕ አይመስለኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም

እንግሊዛዊቷ ጆርጄት ሄየር በ1921 በ«ዘ ብላክ ሞዝ» ጀምራ፣ የእንደራሴውን ዘመን ለፍቅር ልብ ወለድ የራሱ ቤት ያደረገች ደራሲ ናት። ዘመኑ ከ1811 እስከ 1820 ድረስ፣ ንጉሡ ታሞ ልጁ በእንደራሴነት እንግሊዝን ያስተዳደረበት ጊዜ ነው። በ1935 «ሬጀንሲ ባክ»ን አወጣች፤ ጁዲዝ የምትባል ወጣት ባለሀብትና ሞግዚቷ የሆነው ሎርድ ዎርዝ ሲነታረኩ ሲነታረኩ በፍቅር የሚወድቁበት መጽሐፍ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1937፣ «አን ኢንፈመስ አርሚ» መጣ። ጁዲዝና ዎርዝ ተጋብተው ብራስልስ ተቀምጠዋል። የዎርዝ ወንድም ቻርልስ የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የዌሊንግተን የቅርብ መኮንን ነው፤ ባርባራ የምትባል መልከ መልካም፣ ስሟ በከተማው የሚነሳና የሚወድቅ፣ ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት ይወድዳል። እስከዚህ ድረስ አንባቢው የለመደው ቤት ነው። ከዚያ ሰኔ 15 ቀን 1815 ማታ የሪችመንድ ዱቼስ ዳንስ ይደረጋል። ይህ ዳንስ በታሪክም የተደረገ ነው። ናፖሊዮን ድንበር ተሻግሯል የሚለው ወሬ አዳራሹን ያዳርሳል፤ መኮንኖቹ የሚደንሱትን ሴት ተሰናብተው ይወጣሉ። በነጋታው ካትር ብራ ላይ ሲዋጉ የዳንስ ልብሳቸውን ለመቀየር ጊዜ ያላገኙ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ፍቅሩ ወደ ጎን ይልና፣ ሰኔ 18 ቀን፣ ናፖሊዮን በተሸነፈበት በዋተርሉ ውጊያ ላይ የሆነው ነገር ክፍለ ጦር በክፍለ ጦር፣ ሰዓት በሰዓት ይተረካል። ርዕሱ ራሱ ዌሊንግተን ስለ ሠራዊቱ በደብዳቤ ከጻፈው ማማረር የተወሰደ ነው።

እዚህ መጽሐፍ ላይ አንባቢ እስከ ዛሬ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። የዋተርሉን ምዕራፎች ዘልሎ ወደ ባርባራ የሚሮጥ አለ፤ የዳንሱንና የቀሚሱን ነገር ዘልሎ ወደ መድፉ የሚሮጥም አለ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። በመጀመሪያው ንባቤ ጦርነቱን ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩት። በሁለተኛው ግን ባርባራ ቁስለኞች በሚጎርፉበት ጎዳና ላይ እንዴት ሌላ ሰው እንደሆነች ሊገባኝ የቻለው፣ ቁስለኞቹ ከየት እንደመጡ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የሄየር ዕጣ አሳዛኝ ነው። ላንካስተር ስለሚባለው የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ትልቅ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ለመጻፍ ዓመታት ስታጠና ኖራለች። ነገር ግን የአንባቢው ጥያቄና የግብሩ ዕዳ እየመለሱ ወደ እንደራሴው ዘመን ይጎትቷት ነበር። በ1974 ስትሞት ሥራው አላለቀም፤ የተጻፈው ክፍል «ማይ ሎርድ ጆን» ተብሎ በ1975 ታተመ። ስለዚህ «ለምን የድሮውን አትጽፍም?» የሚል አንባቢ ስሰማ፣ ስሜቱ ቢገባኝም፣ ያ ጥያቄ ያስቀረው መጽሐፍ ትዝ ይለኛል።

አራቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ወደ ድሮዎቹ መመለስ ነው። ደክሟችሁ ከሆነ፣ ሐዘን ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም ማንበብ የምትፈልጉት ከመኝታ በፊት ጥቂት ገጽ ብቻ ከሆነ ያለ ምንም ኀፍረት ያላነበባችኋቸውን ቀደምት መጻሕፍቷን ፈልጉ። ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ሁለተኛው የታሪክ ልብስ የለበሰ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ብዙ ሰው ከሦስተኛው ጋር የሚያምታታው ይህንን ነው፤ ሽፋኖቻቸው ይመሳሰላሉና። ለመለየት እኔ የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ታሪኩን ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ብትገፉት ይፈርሳል? «ሬጀንሲ ባክ»ን ጥቂት ዓመት ብትገፉት ቀሚሱና ሠረገላው ይለወጥ ይሆናል እንጂ የጁዲዝና የዎርዝ ንትርክ አይናድም። ዘመኑ እዚያ የሚያገለግለው ፍቅረኞቹን የሚለያይ አጥር ሆኖ ነው፤ የቤተሰብ ክብር፣ ውርስ፣ ያለ አጃቢ መነጋገር ነውር መሆኑ። «አን ኢንፈመስ አርሚ»ን ግን ከሰኔ 1815 አንድ ወር ብታነሱት መጽሐፍ አይቀርላችሁም። የፍቅር ልብ ወለድ ወዳድ ሆናችሁ ዘመን መቀየር ብቻ ካማራችሁ ምርጫችሁ ይህ ሁለተኛው ነው፤ መጨረሻው አይከዳችሁም።

ሦስተኛው ፍቅር ያለበት ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የሀናን ሦስት መጻሕፍት ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ፤ አንድ ደራሲ እንኳ ለፍቅር የምትሰጠው ቦታ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚለያይ ይታያል።

በ2015 የወጣው «ዘ ናይቲንጌል» በናዚ በተያዘችው ፈረንሳይ ስለሚኖሩ ሁለት እኅትማማቾች ነው። ታላቂቱ ቪያን ልጇን ይዛ ቤቷ ውስጥ ከገባ የጀርመን መኮንን ጋር ትኖራለች፤ ታናሺቱ ኢዛቤል የተመቱ አውሮፕላኖችን አብራሪዎች በፒሬኔ ተራሮች አሻግራ ታሸሻለች። ኢዛቤል የተቀረጸችው አንድሬ ደ ዮንግ ከምትባል ቤልጅየማዊት ሴት ሕይወት ተነሥታ ነው፤ አንድሬ በ1941 «ኮሜት» የተባለውን የማሸሻ መስመር የዘረጋች ወጣት ነበረች። ፍቅሩ እዚህ እውነተኛ ነው፣ ግን በጥቂት ስብሰባዎች ብቻ የሚኖር ነው፤ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ይነድዳል፣ ከዚያ ለብዙ ምዕራፍ ይጠፋል። ትልቁ ፍቅር የእኅትማማቾቹ ነው። ከፍቅር ልብ ወለድ ለሚሻገር ሰው ከሦስቱ መጀመሪያ የምሰጠው ይህንን ነው፤ ልብን የመንካት የድሮ ችሎታዋ ሳይቀንስ ታሪኩ ሰፍቷል።

«ዘ ፎር ዊንድስ» ከሦስቱ ለፍቅር ጠባቂ በጣም የሚከብደው ነው። ማዕከሉ እናትና ልጅ፣ መሬትና ረሃብ፣ ከዚያም የካሊፎርኒያ የእርሻ ሠራተኞች ትግል ነው። አጨራረሱ በተለይ ለደስተኛ መጨረሻ የመጣን አንባቢ ያስደነግጣል። ለእህቴ ማበደር ያልነበረብኝ መጽሐፍ ይህ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ምርጫ ነው።

የ2024ቱ «ዘ ዊሜን» ፍራንኪ ስለምትባል፣ በቬትናም ጦርነት ነርስ ሆና ስላገለገለች ወጣት ነው። ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ ከተመለሰች በኋላ ነው። የሁለቱም ወገን ቅሬታ አንድ ላይ የሚሰማው እዚህ ነው፤ የፍቅር አንባቢው «ወንዶቹ ልቧን ሲሰብሩት ብቻ ነው ያየሁት» ሲል፣ የታሪክ አንባቢው «የወንዶቹ ነገር ምን አስገባው፣ ስለ ነርሶቹ ንገሪኝ» ይላል። እኔ በዚህ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነኝ። የመጽሐፉ ኃይል ያለው ፍራንኪ ስትመለስ ሰዎች ደጋግመው «ቬትናም ውስጥ ሴቶች አልነበሩም» በሚሏት ቦታ ነው። በእውኑ ታሪክም ሴቶቹ የራሳቸው መታሰቢያ ሐውልት በዋሺንግተን የቆመላቸው በኅዳር 1993 ነው፤ የጦርነቱ ሟቾች በሚታወሱበት ግድግዳ ላይ ስማቸው የተቀረጸ ሴቶች ደግሞ ስምንት ናቸው። ያንን ይዞ የሚያነብ ሰው የፍቅሩን መንገድ መወላገድ ይቅር ይላል።

አራተኛው ሁለት ዘመን የያዘ ልብ ወለድ ነው፤ አንዱ ክር በትናንት፣ ሌላው በዛሬ ይሄዳል። ቻነል ክሊተን ቀድሞ የዛሬን ዘመን የፍቅር ታሪክ ስትጽፍ ቆይታ በ2018 ያወጣችው «ኔክስት ዪር ኢን ሃቫና» እንዲህ ነው። አያትየዋ ኤሊሳ በኩባ አብዮት ዋዜማ በ1958 ሃቫና ውስጥ አብዮተኛ ትወድዳለች፤ የልጅ ልጇ ማሪሶል በ2017 የአያቷን አስከሬን አመድ ይዛ ወደ ሃቫና ትመለሳለች። ፍቅር በሁለቱም ክር አለ፣ ፖለቲካውም አለ። ድልድይ ለሚፈልግ ሰው የተመቸ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የታወቀ ነው፦ እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ አንዱ ዘመን ያይላል፤ አንባቢውም ደካማው ምዕራፍ በመጣ ቁጥር ወደ ጠንካራው ለመድረስ ይቸኩላል። መቋረጥ የሚያናድዳችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ።

ሌሎች አንባቢዎች የሚሉትን እንዴት እንስማ

አስተያየት ስታነቡ ውዳሴውን ተዉትና ቅሬታውን ያዙ። ቅሬታ ብዙ ይናገራል፤ ተናጋሪው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ካወቃችሁ የእሱ ቅሬታ ለእናንተ ማበረታቻ ሊሆን ይችላል።

«አልሄድ አለኝ፤ መቶ ገጽ አንብቤ ገና አልተገናኙም» የሚል የፍቅር አንባቢ ነው። ይህን ስትሰሙ መጽሐፉ መቼቱን ጊዜ ወስዶ እንደሚሠራ ዕወቁ። «የታሪክ ትምህርት ሆነብኝ» የሚለውን ግን በጥንቃቄ ስሙት፤ አንዳንዴ የአንባቢው አለመልመድ ነው፣ አንዳንዴ ግን የደራሲዋ ጥፋት ነው። ጥፋት የሚሆነው ጥናቱ በገጸ ባሕርይ አፍ ሲነገር ነው፤ ሁለት እኅትማማቾች ኩሽና ውስጥ ቆመው ሁለቱም የሚያውቁትን የጦርነት ቀን እርስ በርስ ሲነጋገሩ። አዲስ ወደ ታሪክ የተሻገረች ደራሲ ይህ ያጠቃታል፤ ዓመታት የፈጀችበትን ጥናት መጣል ይከብዳታልና። ሁለት ሦስት ሰው ይህንኑ ካለ እመኑት።

ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ደግሞ «ስሜት ተጭኖበታል» እና «ጀግናዋ የዛሬ ሴት ናት፣ የዘመኑን ልብስ ለበሰች እንጂ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ለእናንተ፣ ለፍቅር አንባቢዎች፣ የምሥራች ነው፤ የምትወዱት እጇ አልጠፋም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ለማንም ደግ ዜና አይደለም። የምታስበው ሁሉ የእኛ የዛሬዎቹ አስተሳሰብ የሆነ ገጸ ባሕርይ ዘመኑ ምን እንዳስከፈላት አያሳየንም፤ ያኔ ፍቅሯም ክብደት ያጣል።

«መጨረሻው ከዳኝ» ያለውን ሰው ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ያዘንከው ስለሞቱ ነው ወይስ ሞቱ በድንገት ስለተለጠፈ? የመጀመሪያው የዘውግ ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የጽሑፍ ጉዳይ።

መጽሐፉን እጃችሁ ላይ ስታገላብጡ

የጀርባ ሽፋኑን አንብቡ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጀምረው በሰው ስም ነው ወይስ በዓመትና በቦታ? የሁለት ሰዎች ስም ቀድሞ ከመጣ አሳታሚው የሚሸጠው ፍቅሩን ነው። ጦርነት፣ ረሃብ ወይም ስደት ቀድሞ ከመጣ ፍቅሩ ሁለተኛ ነው። የደራሲዋ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ አለ፤ መነሻ የሆናት እውነተኛ ሰው ማን እንደሆነና የት ላይ ታሪኩን እንደለወጠች ትናገራለች። መጨረሻውን ሊያወጣባችሁ ስለሚችል የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ እዩ። ከዚያ ከመጽሐፉ መካከል አንድ ገጽ ክፈቱና ሰዎቹ ሲነጋገሩ ስሙ። ንግግሩ ካልያዛችሁ ዘመኑ አይዛችሁም።

ስንት ገጽ ታግሠን እንተወው የሚለውን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለፍቅር ልብ ወለድ ሃምሳ ገጽ ይበቃል። ለታሪካዊ ልብ ወለድ ግን ታሪኩ ከቤት ወጥቶ ትልቁ ነገር እስኪደርስባቸው፣ ማዕበሉ እስኪነሳ፣ ጦርነቱ እስኪታወጅ ድረስ ታገሡት። ከዚያም ካልሆነ ያለ ጸጸት ዝጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚያበድሩ ሰዎች፦ መጽሐፉን ስትሰጡ «የእሷ አዲሱ ነው» ብላችሁ አትስጡ። «በዚህኛው ሰው ይሞታል፣ ፍቅሩ ጥቂት ነው፣ ግን እናቲቱን ትወጃታለሽ» በሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔና እህቴን ከአንድ ሳምንት ክርክር ታድነን ነበር።

እህቴ አሁን «አን ኢንፈመስ አርሚ»ን ይዛለች፤ በጁዲዝና በዎርዝ በኩል ነው ያስገባኋት። ዳንሱን አልፋ የመድፉ ድምፅ ብራስልስ ድረስ የሚሰማበት ቦታ ደርሳለች። ትናንት ማታ ደውላ «ቻርልስ ይመለሳል ወይ?» አለችኝ። አልነገርኳትም።